ስለ ባዶ ነገር መማር ምን ይጠቅማል?



ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ልጄ ሰሞኑን ማታ ማታ የሚያወራን ስለ ባዶ ነገር ነው። ባዶ ነገር ይመዝናል፣ ባዶ ነገር ይገፋል ይለናል። ባዶ ነገርማ በእኛም ቤት ሞልቷል፤ ለእሱ ትምህርት ቤት መላክ ያስፈልጋል?» አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ ግን እኚሁ አባት ቀጠሉ። «ቀልዱን ልተወውና፣ ታዲያ መልሱ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ መልሱን እስከ ዛሬ ማንም አላገኘውም ብለውናል አለኝ። መልስ የሌለው ነገር ለልጆች ለምን ይነገራል? በፈተና አይመጣ!»

በዕለቱ መሽቶ ስለነበር የሚገባውን መልስ አልሰጠሁም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። በካምፕ ውስጥ የሚኖር ልጅ ያለው የጥናት ጊዜ፣ ያለው ደብተርና ያለው የማታ መብራት ውስን ነው። ከዚያች ከጥቂቷ ጊዜ ላይ ቀንሶ መልስ ስለሌለው ጥያቄ የሚያስተምር መምህር ምክንያቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ስለሆነም በዚህ ገጽ ላይ መጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም ለምን ለልጆቻችሁ እንደነገርኳቸው አስረዳለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአልበርት አይንሽታይን ነው። አይንሽታይን በ1915 ስለ ስበት አዲስ ንድፈ ሐሳብ አወጣ። በ1917 ይህንኑ ንድፈ ሐሳብ በመላው ጽንፈ ዓለም ላይ ሲሞክረው ግን አንድ ችግር ገጠመው። ስበት ነገሮችን ሁሉ እርስ በርስ ያሳስባል። ታዲያ ከዋክብት ሁሉ ተሳስበው በአንድ ቦታ ለምን አይከመሩም? በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ሊቃውንት ጽንፈ ዓለም አይሰፋም፣ አይጠብም፣ ለዘላለም እንዳለ ይኖራል ብለው ያምኑ ነበር። አይንሽታይንም ይህንኑ ስላመነ፣ ስበትን የሚቋቋምለት አንድ ቁጥር በእኩልዮሹ ውስጥ ጨመረ። ጣራ እንዳይወድቅ ምሰሶ እንደማቆም ያለ ነው። ይህ ቁጥር የኮስሞሎጂ ቋሚ ቁጥር ይባላል፤ ምልክቱ ላምዳ የተባለው የግሪክ ፊደል ነው።

ምሰሶው ግን ብዙ አልቆየም። በ1922 አሌክሳንደር ፍሪድማን የተባለው ሩሲያዊ፣ በ1927 ደግሞ ዦርዥ ለሜትር የተባለው ቤልጅየማዊ፣ ጽንፈ ዓለም ሊሰፋ እንደሚችል በሒሳብ አሳዩ። በነገራችን ላይ ለሜትር የፊዚክስ ሊቅ ብቻ ሳይሆን የካቶሊክ ቄስም ነበር፤ ሰማይን መመርመር ከሃይማኖት ጋር ይጋጫል ብለው ለሚሰጉ ወላጆች ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው። በ1929 ኤድዊን ሀብል በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዊልሰን ተራራ ቴሌስኮፕ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። የሩቅ ጋላክሲዎች፣ ማለትም እንደ ደሴት ተለያይተው የሚገኙት የከዋክብት ጭፍሮች፣ ከእኛ እየራቁ ነው፤ በጣም ሩቅ የሆኑትም በበለጠ ፍጥነት ይርቃሉ። አይንሽታይን በ1931 ያንን ቁጥር ከእኩልዮሹ አወጣው። ጆርጅ ጋሞቭ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እንደጻፈው ከሆነ፣ አይንሽታይን ያን ቁጥር ማስገባቱን ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁ አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ባልኖረ ነበር። ነገር ግን በ1998 ነገሩ ተገለበጠ። ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፣ አንዱ በሶል ፐርልሙተር፣ ሌላው በብራያን ሽሚት የሚመራ፣ እጅግ ሩቅ የሆኑ የሚፈነዱ ከዋክብትን ይመለከቱ ነበር። እነዚህ ሱፐርኖቫ የሚባሉት ፍንዳታዎች አንደኛው ዓይነታቸው መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ ብርሃን ይሰጣል። በጨለማ ሜዳ ላይ እኩል የሚያበሩ ፋኖሶች ተደርድረው ቢታዩን፣ ደብዘዝ ያለው የራቀው መሆኑን እናውቃለን። ተመራማሪዎቹም ርቀትን የለኩት በዚሁ ዘዴ ነው። ፍለጋቸው የጽንፈ ዓለም መስፋፋት በምን ያህል እየቀዘቀዘ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ስበት እየጎተተው ፍጥነቱ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ መስፋፋቱም ይቀንሳል ብለው ጠብቀዋል። ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው። ፋኖሶቹ ከተጠበቀው በላይ ደብዛዛ ነበሩ። መስፋፋቱ እየፈጠነ ነው! ድንጋዩ ከእጅ ከወጣ በኋላ ፍጥነቱን እየጨመረ ወደ ሰማይ እንደሄደ ማለት ነው። ፐርልሙተርና ሽሚት፣ ከሽሚት ቡድን ከአዳም ሪስ ጋር፣ በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

እንግዲህ የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው። አይንሽታይን አውጥቶ የጣለው ቁጥር ተመልሶ ገባ። ዛሬ ሊቃውንቱ ይህን ገፊ ነገር ጨለማ ጉልበት ይሉታል። ከሁሉ ቀላሉ ማብራሪያ፣ ጉልበቱ ያለው በባዶው ህዋ ውስጥ ራሱ ነው የሚል ነው። ፕላንክ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ባደረገው ልኬት መሠረት፣ በጽንፈ ዓለም ውስጥ ካለው ጉልበት ሁሉ 68 በመቶ ያህሉ ይህ ነው። ከዋክብት፣ ምድር፣ ውኃና እኛም የተሠራንበት ተራ ቁስ ግን 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው 27 በመቶ ጨለማ ቁስ የሚባል ሌላ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ነው።

68 በመቶ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ በአንድ ቦታ ያለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ አየር እንኳ የሌለበት ሳጥን በሐሳባችሁ ሥሩ። በዚያ ሁሉ ባዶ ቦታ ውስጥ ያለው ጨለማ ጉልበት ግማሽ ጁል ያህል ነው። ግማሽ ጁል ምን ያህል ነው? የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተራችሁን አውጡ። መቶ ግራም የሚመዝን ትንሽ ድንች ከመሬት አንስታችሁ ግማሽ ሜትር፣ ማለትም እስከ ጉልበታችሁ ድረስ ከፍ አድርጉት። 0.1 ሲባዛ በ10፣ ሲባዛ በ0.5፣ ውጤቱ 0.5 ጁል ነው። በዚያ ግዙፍ ሳጥን ውስጥ ያለው ጉልበት አንድ ድንች እስከ ጉልበት ለማንሳት ብቻ የሚበቃ ነው። ይሁን እንጂ ባዶው ቦታ ስፋቱ ወሰን የለሽ ያህል ስለሆነ፣ ሲደመር ከዋክብትን ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ ደረስን። ከኳንተም ፊዚክስ እንደምንረዳው በተፈጥሮ ውስጥ ፍጹም ጸጥ ያለ ነገር የለም። ዥዋዥዌ ሲቆም ሙሉ በሙሉ የቆመ ይመስለናል፤ በጥቃቅኑ ዓለም ግን ልትጠፋ የማትችል የእንቅስቃሴ ትርፍ ሁልጊዜ ትቀራለች። ብርሃንንና ቁስን የሚያስገኙት መስኮች በባዶ ህዋም ውስጥ ይህችን ትርፍ ጉልበት ይይዛሉ። በሌላው የፊዚክስ ክፍል ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ምክንያቱም የምንለካው ልዩነትን ብቻ ነው። ተራራ ላይ የተሠራ ቤት ጣራው ከወለሉ በምን ያህል ከፍ እንደሚል ለማወቅ፣ የተራራውን ከፍታ ማወቅ አያስፈልግም። ስበት ግን እንዲህ አይደለም። ስበት ጉልበትን ሁሉ፣ ተራራውንም ጭምር፣ ይቆጥራል።

ታዲያ ሊቃውንቱ በባዶ ህዋ ውስጥ ሊኖር የሚገባውን ትርፍ ጉልበት ሲያሰሉት ምን አገኙ? የምናውቀው ፊዚክስ ሊሠራ ይችላል ተብሎ እስከሚገመትበት የመጨረሻ ወሰን ድረስ ከተደመረ፣ ውጤቱ ከተለካው 1 ተጽፎ 120 ያህል ዜሮዎች ከኋላው በተከተሉት ቁጥር ጊዜ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ለማነጻጸር፣ እስከምናየው የጽንፈ ዓለም ዳርቻ ድረስ ያሉት አቶሞች በሙሉ ቢቆጠሩ፣ ብዛታቸው 1 ተጽፎ 80 ዜሮ ያህል ነው። ጥንቃቄ አድርገን በቤተ ሙከራ እስከተረጋገጠው ጉልበት ድረስ ብቻ ብንደምር እንኳ፣ ልዩነቱ ከ50 ዜሮ በላይ ይሆናል። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ገና ቀደም ብሎ ይህን መሰል ስሌት ሠርቶ፣ ነገሩ እውነት ቢሆን ጽንፈ ዓለም እስከ ጨረቃ እንኳ ባልደረሰ ነበር ብሎ እንደቀለደ ረዳቶቹ ተርከዋል።

ለወላጆች በምናውቀው ነገር ላስረዳ። የራሽን መጋዘን መዝገብ አለው። መዝገቡ ይህን ያህል ኩንታል አለ ይላል፤ መጋዘኑ ሲከፈት ደግሞ ያለው ይቆጠራል። መዝገቡና መጋዘኑ በአንድ ጆንያ ቢለያዩ፣ አይጥ በላው ወይም ሚዛኑ ተሳሳተ ይባላል። መዝገቡ ተራራ ሙሉ እህል አለ ብሎ፣ በመጋዘኑ ውስጥ የተገኘው ግን አንዲት የስንዴ ፍሬ ብትሆንስ? የስንዴ ፍሬዋና ተራራው እንኳ ከዚህ የፊዚክስ ልዩነት ጋር ሲወዳደሩ እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል። የሚያስገርመው፣ ሁለቱም ወገኖች የታመኑ መሆናቸው ነው። መዝገቡን የጻፈው የኳንተም ፊዚክስ በሌሎች ሥራዎች እጅግ ትክክለኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሬዲዮና ኮምፒዩተር የሚሠሩት በእሱ ነው። መጋዘኑን የቆጠሩትም ብዙዎች ናቸው፤ በተለያየ መንገድ ቆጥረው ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል።

መልስ ለመፈለግ ያልተሞከረ የለም። አንዳንዶች፣ ያላየናቸው ሌሎች ጥቃቅን አካላት ኖረው የእነሱ ድርሻ የመጀመሪያውን ያጠፋዋል አሉ፤ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው ታላቁ የአቶም ማጋጫ እነዚህን አካላት እስካሁን አላገኘም። ስቲቨን ዋይንበርግ በ1987 ደግሞ በሌላ በኩል አሰበ። ይህ ቁጥር በጣም ትልቅ ቢሆን ኖሮ ህዋ በፍጥነት ተለጥጦ ጋላክሲዎች መሰብሰብ ባልቻሉ፣ እኛም ኖረን ባልጠየቅን ነበር አለ። ጽንፈ ዓለማት ብዙ ከሆኑ፣ ጠያቂ የሚገኘው ቁጥሩ ትንሽ በሆነበት ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ መልስ ነው ወይስ ከመልስ መሸሽ? ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በ2024 እና በ2025 ደግሞ በአሪዞና ተራራ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን ቦታ የሚመዘግበው ዴዚ የተባለ መሣሪያ ያወጣው ውጤት፣ ጨለማ ጉልበት ከዘመን ወደ ዘመን እየተዳከመ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ ሰጥቷል። ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ከጸና ግን ቋሚ ያልነው ቁጥር ቋሚ አይደለም ማለት ይሆናል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አሁን ወደ እኚያ አባት ጥያቄ ልመለስ። በእኔ አስተያየት ይህን ለልጆች መንገር የሚገባው በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው፣ ልጆቻችን ትምህርትን ያለቀለት ነገር አድርገው እንዳያዩት ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ በፈተና ይመልሰዋል። በዚህ ብቻ ያደገ ልጅ ዕውቀት ሁሉ ሌላ አገር ተሠርቶ፣ ታሽጎ፣ እንደ ዘይት ቆርቆሮ የሚመጣ ይመስለዋል። የእሱ ድርሻ ተሰልፎ መቀበል ብቻ ይሆንበታል። መልሱ ገና ያልተገኘ ጥያቄ ሲሰማ ግን፣ እሱም ከሚፈልጉት አንዱ ሊሆን እንደሚችል ይገባዋል። አይንሽታይንም ራሱ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ አገሩ ወደ ጀርመን ሳይመለስ የቀረ፣ ሌላ አገር የተጠለለ ሰው ነበር። ጥያቄው በስደትም አልተለየውም። አባቶቻችን «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ ነበር።

ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው ምክንያት በካምፓችን ውስጥ ያለ ነው። እዚህ የምንኖር ሰዎች ብዙ ያልታወቀ ነገር አለብን። መቼ እንደምንሄድ፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ ራሽኑ ይጨምር ይቀንስ እንደሆነ አናውቅም። ያልታወቀው ነገር ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ስለማንፈልግ በወሬ እንሞላዋለን። ለሦስተኛ አገር የሚሄዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ወጣ ተብሎ፣ አልጋውንና ድስቱን ሸጦ የተቀመጠ ቤተሰብ አይተናል። ዝርዝሩ አልወጣም፤ አልጋውም አልተመለሰም። ዋሽቶ የነገራቸው ክፉ ሰው አልነበረም። «አላውቅም» ማለት የከበደው ሰው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጆቻችን ከዚህ እንቆቅልሽ እንዲማሩ የምፈልገው ነገር ቀላል ነው። እነዚያ ሊቃውንት መዝገቡና መጋዘኑ አልገጥም ሲላቸው፣ የሒሳብ ጉድለቱን አልደበቁም። እንዲገጥም ብለው የሐሰት ቁጥር አልጻፉም። ይህን እናውቃለን፣ ይህን ለክተናል፣ ይህ ግን አልገባንም፤ ያልገባንም ይህን ያህላል ብለው በግልጽ አስቀመጡት። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ እንግዲያው ሳይንቲስቶች ምንም አያውቁም ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ጉድለቱን በዜሮ ቆጥሮ የሚናገር ሰው ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው። ምንም የማያውቅ ሰው የጎደለውን መጠን ሊናገር አይችልም። አይንሽታይንም ቢሆን የተሳሳተው ሁሉም ያመኑትን ለማዳን ሲል ቁጥር በመጨመሩ ነበር፤ ማስረጃው ሲመጣ ግን በአደባባይ አወጣው። በዚህ ዓይነት ልማድ ያደገ ልጅ «ዝርዝር ወጣ» ሲሉት፣ «ማን አየው? የት ተለጠፈ?» ብሎ ይጠይቃል። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የተባለውም ለዚህ ነው።

የፈተናው ነገርስ? በዚህ ከወላጆች ጋር አልከራከርም። ፈተና ለልጆቻችን በር ነው፤ ማንም መምህር በዚያ በር ላይ ሊቀልድ አይገባውም። ስለ ባዶ ህዋ ያስተማርኩት በአንድ የዓርብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ የፈተና ሰሞንም አላደርገውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልመስክር። የአሥርን ኃይሎች፣ ማለትም ብዙ ዜሮ ያላቸውን ቁጥሮች አሳጥሮ መጻፍን፣ ለወር ያህል ሳስተምር ብዙዎቹ ያዛጉ ነበር። 120 ዜሮ በሰሌዳው ላይ አልበቃ ሲለኝ ግን፣ በአጭሩ የሚጻፍበትን መንገድ የጠየቁኝ እነሱ ራሳቸው ናቸው። ይህ ደግሞ በፈተና ይመጣል።

ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ የማታውቁትን ነገር ሲጠይቃችሁ «ዝም ብለህ ተኛ» አትበሉት። «እኔ አላውቅም፤ ነገ መምህርህን ጠይቅና ለእኔም ንገረኝ» በሉት። መምህሩም የማያውቀው ከሆነ እንደማያውቀው ይንገረው። ይህን በማለታችን ክብራችን አይቀንስም። ልጁም አላውቅም ማለት የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን ከእናትና ከአባቱ ይማራል።

ለእኚያ አባት ደግሞ ይህን እላለሁ። አባቴ፣ ልጅዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ባዶው ነገር ይመዝናል፤ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ይመዝናል። ለምን ጥቂት እንደሆነ ግን ልጅዎም፣ እኔም፣ የኖቤል ተሸላሚዎቹም አናውቅም። ዛሬ ማታ ከልጅዎ ጋር ደጅ ወጥተው ሰማዩን ይመልከቱ። እዚህ የከተማ መብራት ስለሌለ ከዋክብቱ በደንብ ይታያሉ። በከዋክብቱ መካከል ያለውን ጨለማ እያሳዩ ይጠይቁት። የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ ከነገረዎት፣ በደንብ ተምሯል ማለት ነው።

ቸር ሰንብቱ።